የእናትሽ የጦስኝ ዘይት

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

ሚጣዬ፣ የናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች ስትዪኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል፤ ላቦራቶሪ ግን አሁንም ከሁሉም ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ቤት መዋል አልወድም።

ባለፈው እሁድ ስልክ ላይ «እማዬ ምነው ያን ጊዜ እሺ ብላ ሐኪም ቤት በሄደች! ግትርነቷ ገደላት» ስትዪ ዝም አልኩሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ «አባዬ? አባዬ?» አልሽ። አልተቋረጠም ነበር። አፍ አውጥቼ መናገር ቢያቅተኝ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

እናትሽ በመስኮቱ ሥር በጣሳ ታበቅለው የነበረውን ጦስኝ ታውቂዋለሽ። ዘይቱን እያወጣች ለጎረቤቱ ቁስል ሁሉ ስትሰጥ እኔ አሾፍባት ነበር። አምና አንድ ቀን «ቆይ እስቲ ልፈትንልሽ» ብዬ አንድ ብልቃጥ ይዤ ላቦራቶሪ ሄድኩ። ከታማሚ ቁስል የተወሰደ ጀርም በማብቀያ ሳህን ላይ ዘርቼ፣ ዘይቱን ያጠጣኋትን ትንሽ ክብ ወረቀት መሃሉ ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ስከፍተው ጀርሙ ሳህኑን ሸፍኖታል፤ በወረቀቷ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ሰፊ ቀለበት! ዘይቱ በደረሰበት አንድም ጀርም አልበቀለም።

እንደ ሕፃን እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ መድኃኒትሽ ይገድላል!» አልኳት።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ሽንት ስትመረምር ኖረህ ዛሬ ገና ቁም ነገር አገኘህ» ብላ ሳቀች።

የክፍላችን ኃላፊ ግን ውጤቱን አይታ «ጥሩ ነው፤ ግን ሳህን ሰው አይደለም» አለችኝ። ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም። ደስታዋን ላለማበላሸት ነው እያልኩ ራሴን እደልል ነበር፤ እውነቱ ግን ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ጫማ ተረከዟን ላጠው። እንደ እሷ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሕመሙን እንደማያስታውቀው አንቺም ታውቂያለሽ። ዘይቱን ቀባችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት የጫማዬን ክር ሳስር መጣችና «ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ? ወይስ ይኸው ይበቃል?» አለችኝ።

ራሷ ጠይቃኝ ነበር፣ ልጄ። እኔ ቀና ብዬ እግሯን እንኳ ሳላይ «ሲገድለው በዓይኔ አይቻለሁ እኮ፤ ቀቢው» ብያት ወጣሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ጣላት። ተሸክመን ሐኪም ቤት ስናደርሳት ቀዶ ሐኪሙ «አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ ደሟም ተመርዟል። ምነው ዘገያችሁ?» አለ። ዘይቱ ላይ ላዩን ቢያጠራውም ውስጡ አልደረሰም። «አልሄድም ብላን ነው» ያልኩት ያኔ ነው። አንቺም ለቀብር ስትመጪ የሰማሽው ይህንኑ ነው። እሷ መልስ መስጠት በማትችልበት ሰዓት ጥፋቴን በእሷ ላይ ጣልኩት።

ትናንት አናጢው ጎረቤታችን መጋዝ እጁን ቆርጦት በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ፣ ከእትዬ ዘይት ትንሽ ጣል ያድርጉልኝ» አለኝ። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ አለ። «ተነሥ፣ እንሂድ» ብዬ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንመለስ «እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚፈሩት?» አለኝ።

በጦስኙ አልፈርድም። ኃላፊያችን ጥናቱን ቀጥላበታለች፤ አንድ ቀን በልኩ ተመጥኖ ለሰው ይደርስ ይሆናል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ትንሿ አድጋ ስለ አያቷ ስትጠይቅሽ፣ እምቢ ባይ ነበረች አትበያት። እሁድ እንደ ወትሮዬ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባይጮህም አልቀየምሽም።

ክፉ አይንካሽ። ልጅሽ ለወግ ለማዕረግ ትድረስልሽ። ያመንሽው አይክዳሽ።

አባትሽ