በገበያ ቀን የምትዋጥ ክኒን

አባዬ፣ አካም? ነጋ? በኦሮምኛችን ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ ከጀመርኩ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ይኸው አስቀደምኩ።

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። እማዬ ጥቁሩን ገና አላወለቀችም። ያቺ አትሸጥም ያልካት ቀንደ ሰባራ ፍየል መንታ ወለደች። ጎረቤታችን ጋሽ ቦሩ ያንተ ወንበር ላይ እየተቀመጡ አገር ማከማቸውን ቀጥለዋል። ባለፈው ብጉሬን አይተው በግመል ሽንት ታጠቢው አሉኝ፤ ፊቴን ይዤ ሸሸሁ።

ያ ቀይ ሽፍታ ወገብህ ላይ ሲወጣስ ትዝ ይልሃል? ጋሽ ቦሩ ጭርት ነው አሉ። የእማዬ አጎት ምች ነው አሉ። አንተ ማንንም ላለማስቀየም የሁለቱንም ቅባት ተራ በተራ ተቀባህ፤ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። ሐዋሳ ያለው ሐኪም ከቆዳህ ቆንጥሮ አስመርምሮ ነው ስሙን የነገረን፤ ሊምፎማ፣ ቆዳ ላይ የሚወጣ ካንሰር። ጋሽ ቦሩ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው «እኔም ልለው ነበር» አሉ።

ከዚያ ያቺ ትንሽ ቢጫ ክኒን መጣች፣ ሜቶትሬክሴት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እንዳትሳሳቱ ብሎ ሐኪሙ ሦስቴ ደገመው። አንተ ግን ቀን በስሙ ይዘህ አታውቅም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ላንተ አንድ ናቸው። ያኔ እኔ አፈ ጮሌዋ፣ በገበያ ቀን ዋጣት በቃ አልኩህ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። ይህቺ ልጅ ዶክተር ትሆናለች አልክ። እኔም ኮራሁ።

የነገሌን ገበያ ማለቴ ነበር፤ ቤታችን ነገሌ አይደል? አንተ ግን የፍየል ነጋዴ ነህ። በዚያው ሳምንት የነገሌን ገበያ ውለህ ፊልቱ ትሄዳለህ፣ ከፊልቱ መልስ ደግሞ ሜጋ። ገበያ በቆመበት ሁሉ ክኒኗን ዋጥክ፤ አንዱንም ሳታጓድል። ቃሌን እንደዚያ ያከበረልኝ ሰው የለም።

አፍህ ቆስሎ ውሃ ሲያቃጥልህ በርበሬ ነው አልን። ትኩሳቱ ሲመጣ ወባ ነው አልን። ሐዋሳ ስንደርስ ሐኪሙ በየስንት ቀኑ ነበር የምትውጠው ብሎ ጠየቀህ፤ አንተም በዚያ በደከመ ድምፅህ፣ በኩራት፣ «በየገበያው» አልከው። እማዬ ውጭ ካርድ እያወጣች ነበር። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ያን ጊዜ አፍህን ያቆሰለው የክኒኗ መብዛት መሆኑ ገባኝ።

አሁን ግን እንደገና አልገባኝም። በሽታው ወደ ውስጥም ገብቶ ነበር ብሏል ሐኪሙ። ታዲያ የወሰደህ የቱ ነው? በሽታው ነው? ክኒኗ ናት? እኔ ነኝ? መጀመሪያ ላይ እኮ ሽፍታውን ያከሰመችልህ እሷው ራሷ ናት፤ ማሳከኩ ትቶህ እንቅልፍ ተኝተሃል። አንዲት ክኒን እንዴት ሁለቱንም ትሆናለች? በሽታው ነው ብዬ እተኛለሁ፣ እኔ ነኝ ብዬ እነሳለሁ። ጋሽ ቦሩን ብጠይቃቸው እኔም ልለው ነበር ይሉኛል።

ትናንት እሳቸውም የደም ግፊት ክኒን ይዘው መጡ። አንቺ ቀልደኛ፣ ይህችን መቼ ልዋጣት አሉኝ። መቀለድ አቃተኝ። ካርዳቸውን አነበብኩና፣ የትም ይዋሉ የት በየጠዋቱ አንድ ብቻ አልኳቸው፤ እስኪሰለቻቸው አስደገምኳቸው። ምን ነካሽ፣ አረጀሽ እንዴ አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አነብላታለሁ። በየገበያው ስትውጣት እንደነበር እስካሁን አታውቅም። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ብቻዬን ይዤው መኖር ግን አልቻልኩም።

ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ፣ አባዬ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አይደለም የማስብህ። የነገሌ ገበያ ሲቆም አስብሃለሁ፣ የፊልቱም ሲቆም፣ የሜጋም ሲቆም፤ አንዱንም ሳላጓድል፣ ልክ እንዳንተ።

አፈ ጮሌዋ ልጅህ