አባባን ከነጫማቸው ልኬልሃለሁ

…አባባ ሳህኑንም በሁለት ጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ይሄን ሣር ለሚግጥ ስጪው» ሲሉ፣ አንተ በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ማንኪያው ገና እጄ ላይ ነበር። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ልብስ ስተኩስ እንፋሎቱ ሽሽ ባለ ቁጥር ይመለስብኛል።

ቆይ። ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ ታቃስታለህ? ባለቤትህስ ደኅና ናት? አማትህስ? ልጅህ ሚጡስ ጥርሷን አወለቀች ወይስ ገና ናት? እንቅልፍ ይወስድሃል? የምጠይቅህ ከልቤ ነው። ደኅና እንቅልፍ ስትተኛ ከርመህ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ የምትተኛ አይመስለኝምና።

እኔ ደኅና ነኝ። አሁንም እዚያው ልብስ ንጽሕና ቤት የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። አባባም ደኅና ናቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሾፌሩን እየጠበቁ ነው። አዎ፣ ወደ አንተ ነው የሚመጡት። «እኔ ጋ ቢሆኑ በሳምንት ያገግሙ ነበር» ያልከው አንተ ነህ፤ ዘመድ ሁሉ እየሰማ ነው ያልከው። ጎረቤታችን ታክሲ ነጂው በዚያ በኩል ስለሚያልፍ በርህ ድረስ ያደርሳቸዋል። ይህንንም ደብዳቤ በእጅህ ይሰጥሃል። ለአባባ ብሰጣቸው መንገድ ላይ መነጽራቸውን አውጥተው ያነቡታል።

ባለፈው መጥተህ ኬክ ቤት የወሰድካቸው ቀን። ክሬሙ ጢማቸው ላይ እንዳለ ፎቶ አነሣሃቸው፤ «አባባ ዛሬ ምግብ ቀመሱ» ብለህ ለሁሉም ላክኸው። አክስታችን ያንን ፎቶ ይዘው ከቤት ቤት ዞሩ። «ልጅቱ አባቷን በረሃብ እየቆላቻቸው ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ አዛኝ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ብስኩት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ማር የተቀባ ዳቦ፣ እኔ ሥራ ስውል በመስኮት ይገባል። ማታ ስመለስ ደረጃው ላይ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ሰላም እላለሁ። ሰላም ይሉኛል። ስወጣ ወሬው ከኋላዬ ይቀጥላል።

አንተ በማግስቱ ሄድክ። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የነበረችው ቁስል ግን ጠቆረች። ስኳራቸው ሰማይ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ጣቱን ቆረጠው። አልሰማህም፤ አባባ «ለሱ እንዳትነግሪው፣ ይሰቀቃል» ብለው አስማሉኝ። ያንተ መሰቀቅ ከእሳቸው ጣት በለጠ። እነሆ መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩት። እንደገና እንዲያ ከሆነ የሚሄደው እግሩ ነው ብሏል ሐኪሙ። እንዳትሰቀቅ።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ከስኳር፣ ከጨው፣ ከቅቤ፣ ከነጭ ዳቦና ከሩዝ ተከልክለዋል። መከልከሉ ቀላል ነው፤ ማንም ይከለክላል። በእያንዳንዱ ፈንታ ምን እንደሚቀመጥ ማወቁ ነው ሰው የሚያስረጀው።

ጠዋት ሻይ በስኳር ይላሉ። ቀረፋውን ውሃው ሲጣድ ጨምረው፤ ኋላ አትነስንሰው። አፍንጫቸው ከምላሳቸው ቀድሞ ይታለላል። ከዚያ ብርጭቆውን በማንኪያ አማስለው። ምንም የሚሟሟ ነገር የለም፤ ቢሆንም አማስለው። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ ካልሰሙ ሳይቀምሱት ይመልሱታል።

ለጨው ሎሚና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት። ሎሚው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ አብሮ ከፈላ ይመርራል። የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛ አታንሣ። የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ፈጭተህ ሙላበት። በገዛ እጃቸው ሲነሰንሱ ደስ ይላቸዋል፤ አብዝተው ሲነሰንሱ ደግሞ ተቆጣቸው፤ ካልተቆጣህ ይጠረጥራሉ።

ለሩዝ አበባ ጎመን። በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀህ በደረቅ መጥበሻ፣ ውሃ ሳታስነካ። ውሃ ከነካው ይላቁጥና «ጥርሴ አልቋል ብሎ ማን ነገረህ?» ይሉሃል። ለነጭ ዳቦ የአጃ ዱቄት በእንቁላል አቡክተህ ስስ አድርገህ ጋግር፤ ከቅቤው ፈንታ አቮካዶ ቀባበት። መጀመሪያ ቀን አገላብጠው አዩትና «ይሄ የጎማ መለጠፊያ ነው፤ ግሪስ ደግሞ ምን ቀባሽበት?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ስለነዱ ለእሳቸው ሁሉ ነገር መኪና ነው። አንተንም እንዲህ ይሉሃል። አትሳቅ። የሳቅህ ቀን ተሸነፍህ፤ ሳህኑን ይገፉታል። በብስኩት ፈንታ የተቆላ ሽምብራ፣ በክሬም ፈንታ እርጎ። ክሬምን መቼም አንተ ታውቀዋለህ።

ለባለቤትህ እንዳትተወው። አባታችን ናቸው እንጂ አባቷ አይደሉም። ከቢሮ ደክመህ ትመጣለህ፣ ጫማህን ሳታወልቅ መፈቅፈቂያውን ታነሣለህ፣ ጣትህን ትፍቃለህ። እኔ ስፍቀው ኖሬአለሁ።

ስለ ጫማ ካነሣሁ። ጣታቸው ከተቆረጠ በኋላ የግራ ጫማቸው አፍንጫው ላይ ባዶ ቦታ ተረፈው፤ ጨርቅ ጠቅጥቄ ሰጠኋቸው። አንድ ቀን ልወለውለው ሳነሣው ኳ ኳ አለ። ጨርቁ የለም። በምትኩ ከረሜላ። ጣታቸው በነበረበት ቦታ። ወረቀቱ ላብ ጠጥቶ ተጣብቋል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ አልቆም አለኝ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። እግራቸው ደንዝዟል፤ ቢቆርጣቸው አይሰማቸውም። ስለዚህ ማታ ማታ ጫማቸውን ትፈትሻለህ፣ በጣቶቻቸውም መሐል ታያለህ። ቆመህ አይሆንም። ተንበርክከህ ነው። ወገብህን ያምሃል። ይመምህ።

እሑድ እሑድ ደግሞ እኔ እደውላለሁ። «አባባ፣ ምግብ ይሰጥዎታል?» እላለሁ። እሳቸውም ሳህንህን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው «ሣር ነው የሚያበላኝ፣ ልጄ» ይላሉ። አንተ ማንኪያውን እንደያዝህ ትቆማለህ። እኔ እስቃለሁ። ሳቁን ተለማምጄዋለሁ፤ አጭር ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ልክ እንዳንተው። ስልኩን እንደዘጋሁ ለአክስታችን እደውልና «አባባ ከስተዋል አሉ» እላቸዋለሁ። ሌላውን እሳቸው ይጨርሱታል። ሰፈርህ ሲያዝንላቸው ማየት እፈልጋለሁ። በመስኮትህ ዳቦ ሲገባ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ቢወዱትስ? ያንተን አበባ ጎመን ምንም ሳይሉ ቢጨርሱትስ? በስልክ «የሱ እጅ ይጥማል» ቢሉኝስ? ይህ ሲመጣብኝ እጄ ቆመ። ከላይ ያለውን የማንኪያውን ነገር ልሰርዘው ብዕሬን አነሣሁ። አንዲት መስመር ናት። እሷ ከሌለች ሻይ አይቀምሱልህም፤ ያለ ሻይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን አይከፍቱልህም፤ በሦስተኛው ቀን ደውለህ ትለምነኛለህ። ወረቀቱን ብዙ አየሁት። አልሰረዝኩትም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

እኛ ሥራ ቤት ልብስ ስንረከብ የሸሚዙን ቁልፍ ቆጥረን ነው፤ ስንመልስም ቆጥረን። ሁለት እግር፣ ዘጠኝ ጣት አስረክቤሃለሁ። እንደዚያው እረከባለሁ። አንድ ብትጎድል ወንድም አለኝ ብዬ ስምህን አልጠራም።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ ኩሽናዋን ስለምታተራምስባት ከወዲሁ ይቅርታ። አማትህን እጅ እነሣለሁ፤ የሚጋግሩትን ኬክ ቆልፈው ያስቀምጡልኝ፣ ቁልፉንም በራሳቸው ኮት ኪስ አይክተቱት፤ አባባ የኪስ ነገር ያውቁበታል። ሚጡን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አያቷ ከረሜላ ከሰጧት ሳትበላው በፊት ከየት እንዳወጡት ትጠይቃቸው።

ከድሮው ቤታችን፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ

ሾፌሩ ከታች ጥሩምባ ነፋ። ወረቀቱን ላጥፈው ስል አባባ ገቡ። ምን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። ጠረጴዛውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፣ የግራ ጫማቸውን አወለቁ፣ ውስጡ እጃቸውን ከተው ከረሜላዋን አወጡና እዚህ፣ የማንኪያው መስመር ላይ አስቀመጡልኝ። ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። ሻንጣቸውን አነሡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።