የናጊ ኩሬ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7፣ 1992

ዝናብ። ባቡሩ ውስጥ የሰው ጃንጥላ ጫማዬን አበሰበሰው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ የናጊን እግር በነጥብ በነጥብ ሳስተካክል ዋልኩ። አሥራ ስድስት ነጥብ ወደ ጎን፣ አሥራ ስድስት ወደ ላይ... ከዚያ በላይ ቦታ የለም። አንድ ነጥብ ከተሳሳትኩ ዳክዬ መሆኗ ቀርቶ ጫማ ትመስላለች።

መምህር ኦጋታ እንደ ሰኞ ልማዳቸው መጡ። ናጊን የፈጠሯት እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት፣ እሁድ እሁድ ጠዋት በቴሌቪዥን... ጎርፍ የወሰዳት የዳክዬ ጫጩት ኩሬዋን ስትፈልግ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ክፍል አላመለጠኝም። አሁን የቪዲዮ ጌሟን የምስለው እኔ!

ከጀርባዬ ቆመው ሥዕሉን አዩ።

«ፉሚዬ ልጄ፣ ይቺ እኮ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሮጠው። የተደበደበች አታስመስያት።»

አንዲት ነጥብ ወደ ላይ አነሳሁ።

«አሁን እሷ ናት» አሉ። እስከ ማታ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14

ቴሌቪዥኑ ናጊን ሊያቆማት ነው። ሁለት ክፍል ቀርቷል፤ መጨረሻ እንኳ የለውም። የሚያየው ሰው ቀነሰ ብለዋቸዋል። መምህር ይህን የነገሩን እየሳቁ ነው። እንዴት ያለ ሳቅ...

ከዚያ ከቦርሳቸው ጥቅል ወረቀት አወጡ። ኩሬው። ሸምበቆ፣ ለመጥለቅ ያዘቀዘቀች ፀሐይ፣ እናትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ።

«እዚያ ካልደረሰች እዚህ ትድረስ» አሉ። «የጌሙ ስምንተኛ ደረጃ ይሁን፣ የመጨረሻው። ጠላት የለበትም፣ ገደል የለበትም። ዝም ብላ ትሄዳለች፣ ትደርሳለች።»

የጌሙን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈው ሙራይ በሁሉ ነገር ይቀልዳል። ዛሬ አልቀለደም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

አለቃችን አቶ ቶኩናጋ ሰበሰቡን። ካርቱኑ ከተረሳ ጌሙን የሚገዛው የለም፤ ስለዚህ ለዲሴምበር ይድረስ። ጌሙ የሚጫንበት ካሴትም አነስተኛው፣ ርካሹ ይሁን። የሥዕሉ ግማሽ አይገባበትም። ሦስት ደረጃ ይቀነሳል፦ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።

«ስምንተኛው እኮ መጨረሻው ነው» አልኩ።

«እዚያ የሚደርስ ልጅ ስንት ነው ፉሚዬ? ከመቶ ሁለት።»

«የደረሱትስ ምን ያያሉ?»

ሙራይ ጠረጴዛውን እያየ፣ «አምስተኛውን ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው እመልሳታለሁ» አለ። «ምን ላድርግ? ቦታ የለኝም።»

ለመምህር ማን ይነግራቸው? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5

መምህር አልመጡም። ሳንባቸውን ታመዋል። ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ፤ የምናገረውን ባቡር ላይ ሳጠና... ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳዋ በሩ ላይ «እንዳታደክሚው» አሉኝ። መምህር አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ፊታቸው ትራሱ ላይ የሕፃን ፊት አክሏል።

«ኩሬው ገባ?»

«ገባ መምህር።»

«ሸምበቆውስ?»

«ሸምበቆውም።»

ለምን? ማን አስገደደኝ? ቢያንስ ሸምበቆውን ብተወው ምን ነበረበት?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

ጌሙ ወደ ፋብሪካ ተላከ። ከእንግዲህ አንዲት ነጥብ አትነካም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 18

ጌሙ ለገበያ ወጣ። ኒፖንባሺ ገበያ ሄጄ የጌም ሱቆቹን ዞርኩ። ናጊ ከታችኛው መደርደሪያ ናት፤ ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ማን ጎንበስ ይላል? ለመምህር አንድ ካሴት በፖስታ ላክሁ። ይዤላቸው መሄድ አቃተኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 18

የሥዕል ክፍሉ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት። እኔን ስልክ ላይ አስቀመጡኝ። ጌም ውስጥ መንገድ የጠፋባቸው ልጆች ይደውላሉ፤ እዚህ ጋ ዝለል፣ ያንን ድንጋይ ግፊ እላለሁ።

ዛሬ የአሮጊት ድምፅ። ወይዘሮ ሳዋ! እኔ መሆኔን አላወቁም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ... ባለቤቴ አምስተኛውን ደረጃ ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ይመለስበታል። ስድስተኛው በየት በኩል ነው የሚገባው? አለ ተብሏል፣ የተደበቀ በር መኖር አለበት ይላል። ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ግድግዳውን ሁሉ በናጊ ሲያስገጭ ነው የሚውለው። አውራ ጣቱ አብጧል።»

«ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 20

ሄድኩ። መምህር በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መጫወቻው ብርድ ልብሳቸው ላይ።

«መጣሽ! ነይ አሳዪኝ እስቲ። ሌቦች፣ በሩን የት ደበቃችሁት?»

ተንበርክኬ ግንባሬን ወለሉ ላይ ደፋሁ።

«የለም መምህር። ኩሬው አልገባም። ዋሸሁዎት።»

ናጊ መንገድ መሃል ቆማ ቀረች። የጌሙ ጠላት ቁራ መጥቶ ገፋት፣ ወደቀች። መምህር መጫወቻውን አልነኩትም።

«አለ ስላልሽኝ እኮ ነው» አሉ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ...

«በይ ጌሙን ዝጊልኝ።»

ዘጋሁት።

ወይዘሮ ሳዋ እስከ ደጅ ሸኙኝ። ጫማዬን ሳደርግ፣ «በሩን ሲፈልግ ይበላ ነበር» አሉኝ። «አንድ ደረጃ ሲያልፍ ትንሽ ሩዝ ጎረስ ያደርጋል። እንደዚያ ነበር የተስማማነው።»

እጅ ነስቼ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 29

መምህር ቤት በየቀኑ እደውላለሁ። «ተኝቷል» ይሉኛል። ዛሬ ግን ወይዘሮ ሳዋ፣ «ከእንግዲህ ባትደውዪ ይሻላል ልጄ» አሉኝ። መምህር በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከኮቺ ከተማ ደወለች። የናጊን ጌም ሰባት ጊዜ ጨርሳዋለች።

«ናጊ ቤቷ የምትገባው በየት በኩል ነው?»

አቶ ቶኩናጋ፣ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «በርቺ፣ ፈልጊ» በሉ ብለውናል። ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ተለጥፏል።

«አትገባም» አልኳት። «አልሠራነውም።»

ከኋላዋ ሰው ሳህን ሲያጥብ ይሰማል።

«እሺ» አለች። ዘጋችው።