ለትርንጎ የተረጎምኩላት ድራማ

ማክሰኞ፣ 6/3/2007፣ ቤርሼቫ

ለማንም ያልተናገርኩት ጥፋት አለብኝ። ባለቤቴ ትርንጎ በሕይወት ሳለች በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ የዕብራይስጥ ተከታታይ ድራማ ስታይ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። እኔም ቋንቋውን አልሰማም። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ስሠራ የለመድኩት “አንሳ፣ አስቀምጥ” ብቻ ነው። አላውቅም ማለት አሳፍሮኝ ታሪኩን ከራሴ እየፈጠርኩ ነገርኳት። ማታ ማታ በር ላይ የሚቆመውን ሽማግሌ፣ “ሚስቱ ከሥራ እስክትመለስ እየጠበቃት ነው” አልኳት።

“አንተስ እንዲህ ትጠብቀኛለህ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ድራማው የተቀረጸበትን ቤት አሳየኝ እያለች ስትለምነኝ ሩቅ ነው አልኳት። እዚሁ አጠገባችን ያለችው ለሃቪም እኮ ነው፤ በባቡር ቅርብ። እዚያ ሰው እውነቱን እንዳይነግራት ፈርቼ ነው።

ዛሬ ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌው የሚቆምበትን ሰማያዊ በር አንዲት የአገራችን ሴት ፎቶ ታነሳለች።

“አባባ፣ እርስዎንም ይሄ ድራማ ይዞዎታል?” አለችኝ።

“የያዘውስ ባለቤቴን ነበር። እኔ ዕብራይስጥ አይገባኝም፤ ሽማግሌው ማንን ነበር የሚጠብቀው?”

“ሚስቱን ነዋ። ራሱ አባሯት፣ ራሱ ይጠብቃታል። እስከ መጨረሻውም አልመጣችም።”

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ ለመንኳት፤ ሳትሰለች ነገረችኝ። ትርንጎ የሞተችው ሽማግሌውና ሚስቱ በሰላም እንደሚኖሩ አምና ነው። ያንን እምነቷን ማፍረስ ሌላ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? እግዚአብሔር ያውቃል።

ከባቡር ወርጄ ቤቴ አልገባሁም። እዚህ አገር እንደሚደረገው መቃብሯ ላይ ጠጠር አስቀመጥኩና አጠገቧ ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ፣ ሴትዮዋ እንደነገረችኝ አድርጌ ተረጎምኩላት።