«ይታያል» ስለተባለው ሦስተኛ ቅጽ

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት ስብሰባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም የዓይንዎ ብርሃን እንዲሰነብቱልዎ ከልብ እመኛለሁ። ዓይን ማለቴ ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ የምጽፍልዎ በእሱው ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና። በየወሩ በመግቢያው በር ላይ የሚያስለጥፉት «ቢዋሷቸው የማይቆጩባቸው አዳዲስ መጻሕፍትና ፊልሞች» የተሰኘው ማስታወቂያ የሰፈራችን ጌጥ ሆኗል። የሚጽፈው ሰው እጁ ይባረክ። በዚህ ወር ከተመረጡት መካከል ታላቅ እህቴ ስትጠብቀው የኖረችው ልብ ወለድ ሦስተኛና የመጨረሻ ቅጽ ይገኝበታል፤ ስለ እሱም «አንዴ ከያዙት ከእጅ የማይወርድ» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው ክቡር ሆይ። እጅ ላይ ያልወጣ ነገር ከየት ይወርዳል?

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገችኝ በስፌት መኪናዋ ነው፤ ቀን ሰው ስታለብስ ውላ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ታነባለች። አሁን ዓይኗ እየከዳት ነው። ሐኪሙ በሽታው ወደ ኋላ እንደማይመለስ፣ የምታነበው ነገር ካላትም ሳትውል ሳታድር እንድታነብ ነግሯታል። መርፌ ላይ ክር ማስገባቱን ለጎረቤት ትታለች፤ መጽሐፉን ግን ለማንም አልተወችም። ሁለተኛው ቅጽ የሚያልቀው ከቤት የተባረረችው ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሳ የአባቷን በር ስታንኳኳ ነውና፣ ማን እንደሚከፍትላት ሳላውቅ ዓይኔ አይጠፋም ትላለች። እኔ ላንብብልሽ ብላት፣ አንተ ስታነብ አራት ነጥብ ትውጣለህ፣ ደግሞም ሰው ያነበበልኝ መጽሐፍ ሰው አኝኮ እንደሰጠኝ ነው ብላ አሳፈረችኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ልዘርዝር።

፩ኛ. የውሰት ክፍሉ ሠራተኛ፣ አዲስ መጽሐፍ አዲስነቱ ሳያልቅ ከመስታወት ሳጥኑ እንደማይወጣ በትዕግሥት አስረዱኝ። አዲስነቱ መቼ ያልቃል ብዬ ብጠይቅ፣ አንድ ሰው ተውሶት ሲመልሰው አሉኝ። ይህን መመሪያ ያረቀቀውን ጭንቅላት መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ሲገባ መጽሐፉን ማስቀመጣችሁ ቅር አሰኝቶኛል።

፪ኛ. በፊልሞቹ በኩል ቅሬታ የለኝም። በማስታወቂያው የተመሰገነውን ፊልም ስጠይቅ ዲስኩ እንዳይጫር ተብሎ እዚያው ቀርቶ ማቀፊያው ብቻ ስለተሰጠኝ፣ ከእህቴ ጋር ሽፋኑን አገላብጠን አየነው። አጭር ነው እንጂ መጥፎ አይደለም።

፫ኛ. ለእርስዎ ያስገባሁት ማመልከቻ «ይታያል» የሚል መልስ አግኝቷል። ደግሜ ስመጣም «ይታያል» ተባልኩ፤ ሌላ ቀን ስመለስ ጸሐፊዎ ገና በሩን ሳልዘጋ «ይታያል» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ መጽሐፉም እኮ ይታያል! መስታወት ውስጥ ሆኖ፣ መብራት በርቶለት፣ ከበቂ በላይ ይታያል። በእርስዎ ቢሮ ሁሉም ነገር ሲታይ በእኛ ቤት የሚታየው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

፬ኛ. ይኸኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስክርነት ነው። መጽሐፉን መሀሉ ላይ ከፍታችሁ ስላስቀመጣችሁት፣ እህቴ በየቀኑ እየመጣች የተከፈቱትን ሁለት ገጾች ቆማ ታነባለች፤ አሁን አሁንማ በቃሏ ይዛቸዋለች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች፤ ስትሄድ የጥበቃ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ወዟን በጨርቅ ይወለውላል። በእነዚያ ገጾች ላይ ቤተሰቡ ገበታ ቀርቦ ስለ ዝናብ ያወራል። ልጅቱም አብራ ተቀምጣለች። ማን በሩን እንደከፈተላት የሚያነሳ ግን አንድም ሰው የለም፤ እህቴም ዝናቡን ተዉትና እሱን ንገሩኝ እያለች ከመስታወቱ ጋር ትጣላለች። ትናንት ከጎኗ ቆሜ ስሰማት እንባዬ መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም፣ ከእንግዲህ እንደማታየኝ አውቃለሁና።

ስለዚህ መጽሐፉ ይሰጠን ማለቱን ትቼዋለሁ። ቁልፉ በእጃቸው ያለው ሰው በቀን አንዴ አንድ ቅጠል ብቻ ወደ ኋላ ይግለጡልን። በሩ የተከፈተው ከገበታው በፊት መሆኑ አይቀርም፤ እኛም ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ እንለምዳለን። መመሪያው አይጣስም፣ መጽሐፉ አይዋስም፣ አዲስነቱም አይነካም። እባክዎ። ይህችን አንዲት ቃል ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የጻፍኳት።

መጽሐፍን ከአንባቢ ለመጠበቅ የሚያደርጉትን የማያቋርጥ ጥረት እያደነቅሁ፣ ስብሰባዎ እንዲሰምርልዎና ወንበርዎ ባለቤቱን አንድ ቀን እንዲያገኝ እመኛለሁ።

ዘወትር በመስታወትዎ ፊት የሚቆም ትሑት ተገልጋይዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ግልባጩን ለጸሐፊዎ አድርሼ ነበርና፣ ከሳምንታት «ይታያል» በኋላ ዛሬ ገጹ ተገልጦ አገኘነው። ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እህቴ ግንባሯን ለጥፋ ብዙ ቆየችና «ምዕራፍ አሥራ አንድ» ብላ አነበበች፤ በትልልቁ የተጻፈው እሱ ብቻ ነው። ማን እንደከፈተላት ከሥሩ በደቃቁ ፊደል ሰፍሯል። እኔ አንብቤዋለሁ፤ እሷ ግን ንገረኝ አላለችኝም። እንግዲህ ስጋት አይግባዎ፣ መጽሐፉ ከእህቴ ዓይን ድኗል። አዲስነቱን ያሰንብትልዎ።