በቀብሯ ዕለት ቺካጎ ላይ የተነሱ ፎቶዎች

ኦክላንድ፣ ኖቬምበር 1996

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ሳን ሆዜ እንዴት ይዞሃል? አዲሱ አፓርታማህ ይሞቃል? ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ተብዬ ስላደግሁ ነው የምጠይቅህ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ እህል እንደ ነገሩ ትቀምሳለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንተ የደወልክ እየመሰላት ቀና ትላለች። አንተ አይደለህም። እኛ ዘንድ ያለው ወሬ ይኸው ነው።

ከኦክላንድ ሆኖ ሳን ሆዜ ላለ ወንድም በፖስታ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ስልክህን አታነሳም። "እባክህ ኮል አድርግልኝ" ብዬ መልእክት ብተውልህ፣ የምትደውለው ለጋሽ ተክለጻድቅ ነው፤ "ሥራ በዝቶብኝ ነው በሏቸው" ትላቸዋለህ። ስልክ ይዘጋል። ደብዳቤ ግን አንዴ ከከፈትከው ትጨርሰዋለህ፤ አውቅሃለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ቺካጎ ነው።

ካሜራዬን ረስተኸው ሄድክ። ለትምህርት ቤት የፎቶ ክፍል የገዛህልኝን፣ ለመንገድህ የተዋስከኝን። ዕቃህን ጭነህ ስትወጣ ከነቦርሳው አልጋው ሥር ቀረ። ፊልሙ አላለቀም ነበር። የቀረውን እማዬን እያነሳሁ ጨረስኩና ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ወዳለው ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጠብኩት። ካሜራው ቀን እንደሚጽፍ ታውቅ ነበር? ከታች በስተቀኝ፣ በብርቱካን ቀለም። አታውቅም መሰለኝ። ብታውቅ ኖሮ አትረሳውም ነበር።

ወደ ፎቶዎቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንተ ያላየኸውን ልንገርህ።

እህታችን የሺ ከአንተ ጋር ቺካጎ ልትሄድ እንደነበር አትረሳም። ኩባንያህ ቅዳሜን እዚያው ካደርክ ቲኬቱ ይረክሳል ብሎ፣ ሥራህ ሐሙስ እያለቀ እስከ ሰኞ እንድትቆይ ሲወስን፣ "በቃ፣ ለአንተ ሥራ፣ ለእኔ ሽርሽር!" ብላ የተነሳችው እሷ ናት። ከረጅሙ ሕንፃ አናት ላይ ሆኜ ዳርቻው የማይታየውን ሐይቅ አያለሁ አለች። በጀልባ በድልድዮቹ ሥር አልፋለሁ አለች። የዚያን አገር ወፍራም ፒዛ እበላለሁ፤ ከዚያ ስትሮቤሪ ያለበት ቺዝኬክ አዝዛለሁ፤ የተረፈኝን አንተ ትጨርስልኛለህ አለችህ። ከምትሠራበት ከሄይዋርዱ መጋዘን ፈቃድ ወሰደች። ልትሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀር "አለቃዬ ደስ አላለውም፤ በሚቀጥለው እወስድሻለሁ" አልካት። "አንተ እኮ 'በሚቀጥለው' የምትለኝ ነገር ብዛቱ! ብቻ ዕድሜ ይስጠኝ" ብላህ ሳቀች። አንተም ሳቅህ። ፈቃዷን መለሰችና ሥራ ገባች። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሄይዋርድ ስትሄድ 880 አውራ ጎዳና ላይ ትራክ ከኋላ መታት።

ይዘሃት ብትሄድ ኖሮ ሐሙስ ጠዋት ሆቴል ውስጥ ተኝታ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያስባል፤ የሚጽፍልህ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ቤቱ ወዲያው በለቀስተኛ ሞላ። ጋሽ ተክለጻድቅ የእድሩ ሊቀ መንበር ስለሆኑ ነገሩን ሁሉ ያዙት። እንዲህ አሉ፦ "መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጁ ብቻውን ነው፣ ሆቴል ውስጥ፣ የሚደግፈው የለ። ብቻውን መርዶ የሰማ ሰው እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም። ሰኞ ሲመጣ ተቀብለነው፣ አሳድረነው፣ ሲነጋ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይነግረዋል። እስከዚያ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል። አንድ ነገር ቢሆን ደሙ በነገረው ሰው ራስ ላይ ነው።" ቄሱ ደግሞ እሁድ ሌላ ከተማ ቀድሰው ስለሚሰነብቱ ቀብሩ ቅዳሜ ይሁን ተባለ። ታላቅ ወንድሟ ሳያያት? አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ እታገኝ ክንዴን ቆንጥጠው "ዝም በል አንተ፣ ትልቅ ሰው እየተናገረ" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ የደወልክ ጊዜ ቤቱ ምን እንደሚመስል ላሳይህ። ስልኩ ሲጮህ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ባንዴ ጸጥ አለ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እትዬ እታገኝ በሁለት እጃቸው ያዟት። ጋሽ ተክለጻድቅ ስልኩን አንስተው ለእኔ ሰጡኝና በጣታቸው አስጠነቀቁኝ። አንተ ደስ ብሎህ ነበር። ሥራው አለቀ፣ ነገ አርፋለሁ፣ ቅዳሜ ከተማውን አያለሁ፣ ከዚህ ለየሺ ምን ላምጣላት፣ እስቲ አገናኘኝ አልከኝ። ኦቨርታይም ገብታለች አልኩህ። የአንዷ ለቀስተኛ ሕፃን አለቀሰ፤ የማን ልጅ ነው ስትለኝ ቴሌቪዥን ነው አልኩህ። "ቴሌቪዥኑን ቀንሱና እማዬን አስተኟት" ብለህ ዘጋህ። ስልኩን ሳስቀምጥ ቤቱ ባንዴ ጮኸ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሳንቲሜን ሰብስቤ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ሄድኩ። የሆቴልህን ቁጥር ለእማዬ ትተህላት ነበርና በቃሌ ይዤዋለሁ። ያልኩህን ታስታውሳለህ። የሺ ሞታለች፤ ነገ ጠዋት ትቀበራለች፤ ና፤ አልኩህ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሳንቲም ጨመርኩ። ከዚያ እማዬ አጠገብ ማን አለ አልከኝ። እትዬ እታገኝ አልኩህ። ከየት ነው የምትደውለው አልከኝ። ከመንገድ አልኩህ። ምሳ በልተሃል? አልከኝ።

ምሳ! እህቴ ሞታለች ስልህ ምሳ በልተሃል አልከኝ። ከዚያ "እሺ፣ ቤት ግባ፣ ይበርዳል" ብለህ ዘጋህ። እኔም ሊመጣ ነው፣ ሻንጣውን ሊይዝ ነው የቸኮለው ብዬ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ ሄይዋርድ ኮረብታ ላይ ቀበርናት። ፍታቱ ሲነበብ እኔ ጀርባዬን ለሬሳ ሳጥኑ ሰጥቼ የመቃብሩን በር አያለሁ። ታክሲ በገባ ቁጥር አንተ ነህ እላለሁ። ከአንዱ አሮጊት ፈረንጅ አበባ ይዛ ወረደች። ከሌላው የአበባ ማሰሮ የያዘ ሰውዬ ወረደ። አፈሩ ሲመለስ ጋሽ ተክለጻድቅ አካፋውን "በወንድምህ ፋንታ" ብለው ሰጡኝ። በአንተ ፋንታ እኔ አፈር መለስኩባት። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም፤ አንተም እንድትረሳው አልፈልግም።

አሁን ፎቶዎቹ።

የመጀመሪያው የቅዳሜ ቀን ተጽፎበታል። ረጅሙ ሕንፃ አናት ላይ ነህ፤ በመስታወቱ ሐይቁ ይታያል። እኛ እንባ ስናብስ አንተ ሊፍት ትሳፈር ነበር። አንድ ደርዘን ጊዜ ያን ሐይቅ አንስተኸዋል፤ ውኃ ብቻ፣ አንድም ሰው የለበትም። ቀጥሎ ምሳ። ወፍራሙ ፒዛ ቀርቧል፣ ሁለት ሳህን ተዘርግቷል። በአንተ በኩል ካለው ቁራጭ ጫፉ ተነክሷል። ከማዶ ያለው አልተነካም፤ አይቡ ረግቶ ይታያል። ወንድም ጋሼ፣ ያች ሴት ማናት? ፎቶ መነሳት አልወደደችም መሰለኝ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰማያዊ የሴት ሻርፕ ግን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተቆረጠም።

እሁድ ደግሞ በጀልባ ሄድክ። ድልድዮቹን ከሥራቸው አንስተሃቸዋል። ቦርሳው ኪስ ውስጥ የጀልባውን ሁለት ቲኬት አገኘሁ። አንዱ ተቀዷል፣ ሌላው ደህና ነው። ቀጠሮ አፈረሰችብህ? ደግ አደረገች! እሁድ ማታ ግን የታረቃችሁ ይመስላል፤ ስትሮቤሪ ያለበት ቺዝኬክ አዝዘህላታል። የእህቴን ቺዝኬክ! እንደገና ሁለት ሹካ፣ እንደገና ያ ሻርፕ፣ እንደገና ሳህኑ እንደመጣ ቁጭ ብሏል። የምታዝዝላትን የማትቀምስ ምን ዓይነት ሴት ይዘህ እንደምትዞር አላውቅም። የማውቀው የሺ የተመኘችውን አገር አንድ በአንድ ለሌላ ሰው እንዳስጎበኘህ ነው።

ሰኞ መጣህ። ሽማግሌዎቹ ከአየር ማረፊያ ይዘውህ እትዬ እታገኝ ቤት አሳደሩህ፤ ማክሰኞ ሲነጋ ነገሩህ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አይህ ነበር። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ወደቅህ። ሦስት ሰው ሊያነሳህ አልቻለም። ጋሽ ተክለጻድቅ እያለቀሱ "አይ፣ እንኳንም ብቻውን አልሰማ!" አሉ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ፤ ከዚያ ፊትህን መሬቱ ላይ ደፋህ። ያኔ ጠላሁህ። በልቤ ተዋናይ አልኩህ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ ያዝንልሃል፤ "ምስኪን፣ ሳይነግሩት እህቱን ቀበሩበት" ይልልሃል።

የፊታችን እሁድ አርባዋ ነው። ያሰብኩትን ልንገርህ፤ ከኋላ መምታት አልወድም። ቺዝኬኩ ያለበትን ፎቶ አስተለቅሁት። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ለምሳ ሲቀመጥ ከየሺ ፎቶ ጎን ላቆመው፣ ቀኑን በጣቴ ላሳያቸው፣ ያውቅ ነበር ልላቸው ነበር። ፎቶዎቹን ካየሁ ወዲህ ይህን ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

መጀመሪያ ግን ለእማዬ አሳየኋት። ያለ መነጽሯ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያስጠጋች አየች። ሐይቁን ቶሎ ቶሎ አሳለፈችው። ቺዝኬኩ ላይ ስትደርስ ጣቷን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችና ሻርፑን ደባበሰችው። "አልተነካም እኮ፣ ልጄን" አለች። ከዚያ ሳመችው። ወረቀቱ ረጠበ። እማዬ፣ ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ? ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ አየችኝ። "አንተ ገና ልጅ ነህ" አለችኝና ፎቶውን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። መልሺልኝ ብላት አልሰጠችኝም።

ቀጥላ የቀሩት ፎቶዎች ላይ ያለውን ቀን አየች። ማንበብ ብዙም አትችልም ብዬ አስብ ነበር፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። "ማን ነገረው?" አለችኝ። "ብቻውን ነው የሰማው?" አለች። ፎቶዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ወንድምህ ለአንድም ሰው አልተናገረም" አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ራት ልታቀርብልኝ ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት መሬት ላይ ሆነህ ያየኸኝ አስተያየት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አውቅ ነበር ብትል ማን ነገረህ ይሉሃል፤ ማን ነገረህ ሲሉህ ደግሞ ጋሽ ተክለጻድቅ ያንን ደም የሚያሸክሙት እኔን ነው። ስለዚህ ዝም አልክ። እንደ አዲስ ሰማህ። እንደ አዲስ ወደቅህ። ከዚያ ወደ ሳን ሆዜ ሸሸህ።

ማን ለምኖህ ነው? እኔ ዝም በልልኝ አልኩህ? ና ነው ያልኩህ! የጠየቅሁህን አላደረግህም፤ ያልጠየቅሁህን አደረግህልኝ። በዚህ ውለታ ዕድሜ ልክህን ልትይዘኝ ነው? አልያዝም።

ስለዚህ በቀሌን ለውጬዋለሁ። ፎቶውን አላቆምም፤ ለነገሩ እማዬም አትሰጠኝም። እሁድ አዳራሹ ውስጥ፣ ምሳው ሳይነሳ፣ ጋሽ ተክለጻድቅ ፊት እነሳለሁ። አርብ ዕለት ቺካጎ የደወልኩለት እኔ ነኝ፤ ብቻውን እያለ በስልክ ያረዳሁት እኔ ነኝ፤ እላቸዋለሁ። የሚሉኝን ይበሉኝ። እትዬ እታገኝ ካሻቸው ሌላውንም ክንዴን ይቆንጥጡኝ። ያን ጊዜ የምትጠብቅልኝ ነገር አይኖርህም፤ ሳን ሆዜ ተደብቀህ ዝም የምትልበት ምክንያትም አይኖርህም። ሰው ሁሉ ወደ አንተ ዞሮ እነዚያን ቀናት እንዴት አሳለፍካቸው ይልሃል፤ አንተም በገዛ አፍህ፣ በእማዬ ፊት ትናገራለህ። ስለ ወንበሩም ትናገራለህ። እኔ ማንንም አልጠይቅም፤ ከአንተ ካልሆነ መስማት አልፈልግም።

ካልመጣህም ተነስቼ እናገራለሁ። አትጠራጠር።

ሻርፑን ይዘኸው ና። እማዬ ናት ያለችው፤ ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። እንጀራህን ያብዛልህ፣ ብቻህን የምትበላው ግን አያድርገው። መንገድህን በ880 ያለውን ትራክ ሁሉ እያሳለፈ ያቃናልህ፤ ቀስ ብለህ ንዳ። እንቅልፍም ይስጥህ፤ ከእሁድ በኋላ።

ከአንተ ሌላ ወንድም የሌለው፣
ታናሽ ወንድምህ