ዚፕ ያለው ጆንያ

የእኔ ልጅ፣ ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም ምላሱ ጤነኛ ነው።

ለወንድምሽ ልጅ የላክሽው የመኝታ ከረጢት ደርሷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ልጅን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ዚፕ መዝጋት አላውቅም። ድንች ነው እንዴ? የወንድምሽ ሚስት ግን ገና ስታየው ልቧ ጠፋ፤ በጠራራ ፀሐይ ከተተችው። ልጁ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«ስጪኝ ወዲህ! አንቺን ያሳደገሽ ዚፕ ነው?» ብዬ ቀማኋትና አዘልኩት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ላወርደው ጎንበስ ስል ግን ወገቤ ተያዘና እንደጎበጥኩ ቀረሁ። እሷ ልጁን ከጀርባዬ ተቀብላ እዚያው ከረጢት ውስጥ አስተኛችው። እራት እስኪቀርብ ድምፁ አልተሰማም። አባትሽ ይኸው እስካሁን ይስቃል። ያስተኛሁት እኔ ነኝ እንጂ ጨርቁ ምን ያውቃል!

ያንቺዋንም ልጅ በፎቶ አየኋት፤ እሷም ከረጢት ውስጥ ናት፣ ጭንቅላቷ ብቻ ብቅ ብሏል፣ እንደ ገበያ ጎመን። አልወቅስሽም፤ የሚያዝልልሽ ሰው የለሽም። ፈጣሪ ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ብቻ ወገቤ ጨርሶ ሳይከዳኝ አምጪልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ልዘላት።

እናትሽ